በሰው አገር የሥራ ፈቃድ ለማውጣት፦ ወረቀቱን በምን ቅደም ተከተል እንሰብስብ?

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ውድቅ ሲደረግ ከተጠየቅሁት ወረቀት አንድም አልጎደለኝም ነበር። ሁሉንም ይዣለሁ። ችግሩ የሰበሰብኩበት ቅደም ተከተልና በአባቴ ስም ውስጥ የጠፋች አንዲት ፊደል ነበሩ። በዚያ ምክንያት አንድ ዓመት ገደማ አለፈኝ። ስለዚህ ሰነድ የምንሰበስብበት ደረጃ ላይ ስደርስ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ፎርም መሙላቱን ማንም ይወጣዋል።

ቪዛ ሌላ፣ የሥራ ፈቃድ ሌላ

ቪዛ ድንበር ያሻግራል። የሥራ ፈቃድ ደግሞ ሠርታችሁ ደሞዝ እንድትቀበሉ ያስችላል። አንዳንድ አገር ሁለቱን አንድ ላይ ይሰጣል፤ የእንግሊዙ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ እንዲህ ነው። ካናዳ ግን ውጭ አገር ሆናችሁ የሚደርሳችሁ የማጽደቂያ ደብዳቤ ነው፤ ፈቃዱ ራሱ የሚታተመው ስትገቡ ድንበር ላይ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ደግሞ ከገባችሁ በኋላም ገና የጤና ምርመራ፣ አሻራና የመኖሪያ ፈቃድ ይቀራል። ስለዚህ «ቪዛው ወጣ» ስትባሉ የወጣው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

«በቱሪስት ቪዛ ግባና እዚያ ይስተካከላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ሥራ መፈለግ የሚፈቀድበት ሕጋዊ መንገድ ራሱን ችሎ አለ። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «የዕድል ካርድ» የሚባል ፈቃድ ትሰጣለች። በነጥብ ነው የሚገኘው። እስከ አንድ ዓመት እዚያው ሆኖ ሥራ መፈለግና በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል። በቱሪስት ቪዛ ሥራ የጀመረ ሰው ግን ከተያዘ ከመባረሩም በላይ ቀጣዩ ማመልከቻው ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይሄዳል።

ፈቃዱን የሚጠይቀው ማን ነው?

ብዙ ሰው ፈቃዱን ራሱ የሚጠይቅ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። በአብዛኛው አገር ግን ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ቀጣሪው ነው። ካናዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀጣሪው፣ የውጭ ሰው መቅጠሩ የአገሩን የሥራ ገበያ እንደማይጎዳ በመንግሥት ያስገመግማል። ለአንድ የሥራ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መልሶ መውሰድ አይፈቀድለትም። አሜሪካ ኤች ዋን ቢ ለሚባለው፣ ለሠለጠነ ባለሙያ ለሚሰጠው ፈቃድ የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው። ኮታው በዓመት 65,000 ሲሆን ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው 20,000 ይጨመራል። ጠያቂው ከዚያ ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል። ጃፓን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪው የብቁነት ማረጋገጫ አውጥቶ ይልክላችኋል፤ ከወጣበት ቀን አንስቶ የሚያገለግለው 3 ወር ነው።

እንግሊዝ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት» ሲባል ማኅተም ያለው ወረቀት ይመስላል። አይደለም። ቀጣሪው እናንተን ለመቅጠር በመንግሥት ሲስተም ውስጥ የሚያስገባው መዝገብ ነው፤ እናንተ የሚደርሳችሁ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከተሰጣችሁ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ያሸበረቀ ሰርተፍኬት በፒዲኤፍ ልኮላችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ተጠንቀቁ።

ስለዚህ ቀጣሪውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «የእናንተን በኩል ጀምራችኋል? የማመልከቻው ቁጥር ስንት ነው?» ቁጥር ከሌለ ነገሩ ገና ወሬ ነው። ቀጣሪው ራሱ የውጭ ሰው ለመቅጠር ፈቃድ እንዳለውም አጣሩ። እንግሊዝ ስፖንሰር መሆን የሚችሉ ድርጅቶችን ሙሉ ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ታወጣለች። ኒውዚላንድም እንዲሁ የተፈቀደላቸውን ቀጣሪዎች መፈለጊያ አላት። የድርጅቱን ስም መጻፍ ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ኤጀንሲ የኔ አቋም ግልጽ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት፣ የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይላል። ያልፈረሙት አገሮች ብዙ ናቸው። ቢሆንም መመዘኛ አድርጋችሁ ያዙት። የቀጣሪውን ስም ሳይነግራችሁ ቅድመ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ፣ የሚነግራችሁ ስም የለውም።

ሰነድ አሰባሰብ

እኔ የተሰናከልኩት እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ማመልከቻ ወረቀት ስሰበስብ የጀመርኩት ከቀላሉ ነበር። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ። በጥቂት ቀን ደረሰልኝ። ደስ ብሎኝ ላስቲክ ፋይል ውስጥ ከተትኩትና ወደ ዲግሪዬ ዞርኩ። ዲግሪው ግን በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም። የተማርኩበት ተቋም ትራንስክሪፕቱን አሽጎ በቀጥታ ዲግሪውን ለሚገመግመው ድርጅት መላክ ነበረበት። አንዴ ፈራሚው የለም፣ አንዴ ፖስታው ተመለሰ። ሰባት ወር ሄደ። በመጨረሻ የዲግሪው ግምገማ ሲመጣልኝ በደስታ ሁሉንም አያይዤ ላክሁ። የወንጀል ነጻ ማስረጃው ግን ከ6 ወር ያልበለጠው መሆን ነበረበት። ይህ ነገር በዝርዝሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አንብቤዋለሁም። ግን የሚቆጠረው እስከ ማመልከቻዬ ቀን መሆኑን ልብ አላልኩም።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሠራዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከደረሰ በኋላስ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ቀስ ብሎ የሚመጣና ጊዜ የማያልፍበት ይቅደም፦ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ። ቶሎ የሚመጣና ቶሎ ጊዜው የሚያልፍ መጨረሻ ይሁን፦ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ፎቶ። ታዲያ የወንጀል ነጻ ማስረጃው አሁን ካላችሁበት አገር ብቻ ላይሆን ይችላል። ቀደም ሲል ረዘም ላለ ጊዜ ከኖራችሁበት አገር ሁሉ ሊጠየቅ ስለሚችል ያንን ከሩቅ የሚመጣውን ለብቻ አስሉት።

ፓስፖርት ከሁሉም ይቀድማል። ሊያልቅ ከተቃረበ አሁኑኑ አድሱ። ቁጥሩ ውላችሁ ላይም፣ ማመልከቻው ላይም ይገባል፤ መሐል ላይ ከተቀየረ ሁሉንም ማስተካከል ነው። ደግሞም ካናዳን የመሳሰሉ አገሮች ፓስፖርታችሁ ከሚያልቅበት ቀን የሚያልፍ የሥራ ፈቃድ አይሰጡም። የ3 ዓመት ውል ይዞ የ1 ዓመት ፈቃድ መቀበል ያናድዳል።

ወደ ፊደሏ ልመለስ። ዲግሪዬ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ኤስ ተጽፏል። ፓስፖርቴ ላይ በሁለት። ያንኑ ማመልከቻ ውድቅ ያደረገው ደብዳቤ፣ ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸው አልተረጋገጠም ይላል። ስማችን በላቲን ፊደል የማይጻፍ ሰዎች ሁላችንም ይህ አደጋ አለብን። አረቡም፣ ሩሲያዊውም፣ ቻይናዊውም ያው ነው። አንድን ስም ሁለት ጸሐፊ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል።

እንዲህ አድርጉ። ፓስፖርታችሁን ግለጡና ፎቶው ያለበትን ገጽ ግርጌ እዩ። የቀስት ጫፍ በሚመስሉ ምልክቶች የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ለኮምፒዩተር የእናንተ ስም እዚያ ላይ ያለው ነው። ሌላውን ሰነድ ሁሉ ከዚያ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በጣት እየቆጠራችሁ። ልዩነት ካለ ሰነዱን የሰጠውን ተቋም አስተካክሎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ወይም ተቋሙ ከሌለ፣ ሁለቱም ስሞች የእናንተ መሆናቸውን የሚገልጽ በኖተሪ የተረጋገጠ ቃለ መሐላ አያይዙ። ማብራሪያ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። እኔ ዲግሪዬን ነው ያሳረምኩት፤ ሁለተኛው ማመልከቻዬ ያለፈው በዚያ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የሌላችሁም ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ቪዛ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው በመጀመሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው።

ቀጥሎ ማረጋገጫ ነው። በ1961 በሄግ የተፈረመ የአፖስቲል ስምምነት አለ፤ አፖስቲል አንድ አገር የሰጠውን ሰነድ ሌላ አገር እንዲቀበለው የሚመታበት ማረጋገጫ ማኅተም ነው። ሰነዱን የሰጠው አገርም፣ የምትሄዱበትም አባል ከሆኑ አንድ ማኅተም ይበቃል። አንዱ እንኳ አባል ካልሆነ ሰንሰለቱ ይረዝማል፦ የአገራችሁ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የሚቀበለው አገር ኤምባሲ። ቻይና ኅዳር 2023፣ ካናዳ ጥር 2024 ላይ ስለገቡ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ አታንብቡ። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ አስተርጉሙ። አስቀድማችሁ ካስተረጎማችሁ ማኅተሙ ሳይተረጎም ይቀርና ድጋሚ ትከፍላላችሁ። አስተርጓሚውም የሚቀበለው አገር የሚያውቀው ይሁን።

አፖስቲል የሚያረጋግጠው ፊርማውንና ማኅተሙን ነው። ዲግሪያችሁ ከምትሄዱበት አገር ዲግሪ ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም። ያ ሌላ ግምገማ ነው። ጀርመን ለሚያስቡ «አናቢን» የሚባል ነጻ የመረጃ ቋት አለ፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ እንዴት እንደተመደበ እዚያ ታያላችሁ። ሐኪምና ነርስን የመሰለ ሙያ ያላችሁ ከዚህም በላይ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። እሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ስለሆነ ቀድማችሁ ጀምሩት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ሠራተኛ» መባሉ አይጠቅምም። የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ በትክክል ምን ትሠሩ እንደነበር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ የፈራሚው ስምና ስልክ ይኑርበት። የቀድሞ አለቃችሁ ጊዜ ከሌለው ራሳችሁ ረቂቁን ጽፋችሁ እንዲያየውና እንዲፈርም ስጡት።

ውሉና ማመልከቻው

ውሉ ላይ ያለው የሥራ መደብ፣ ደሞዝና የሥራ ቦታ ቀጣሪው ለመንግሥት ካስገባው ጋር አንድ መሆን አለበት። «ወረቀቱ ላይ ይህን እንጽፋለን፣ እዚያ ስትደርስ ሌላ እንነጋገራለን» ካሏችሁ አትፈርሙ። የሚለወጠው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። የፈረማችሁበትን ኮፒ፣ በምታነቡት ቋንቋ፣ እጃችሁ ላይ አስቀሩ።

ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉት፤ ክፍያውን በመንግሥቱ ድረ ገጽ ብቻ ክፈሉ፤ ቀጠሮ ይዛችሁ አሻራ ስጡ። ይኸው ነው። ከዚህ ቀደም ቪዛ ተከልክላችሁ ታውቃላችሁ ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን በእውነት መልሱ። መከልከል በራሱ በር አይዘጋም። የኔን ሁለተኛ ማመልከቻ አልዘጋውም። መዋሸት ግን ይዘጋል፤ ካናዳ የሐሰት መረጃ ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች። ሌላ ሰው ፎርሙን ቢሞላላችሁም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ ያላችሁበትን ሥራ አትልቀቁ፤ ቤትም አትሽጡ።

ከደረሳችሁ በኋላ

ፈቃዱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። ስም፣ የቀጣሪ ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የሚያበቃበት ቀን። እኔ የአባቴን ስም ፊደል በፊደል ሳነብ ከኋላዬ ያለው ሰው እስኪቸኩል ቆሜያለሁ። ስህተት ካለ እዚያው ማሳረም ይቀላል።

ፓስፖርታችሁን ቀጣሪ «እኔ ጋ ይቀመጥ» ካላችሁ አትስጡ። የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ጨምሮ በብዙ ቦታ ቀጣሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዙ የተከለከለ ነው። ሥራ ብታጡ ስንት ቀን እንዳላችሁ ቀድማችሁ እወቁ። አሜሪካ ለኤች ዋን ቢ ሠራተኛ ቢበዛ 60 ቀን ትሰጣለች። ቀጣሪ መቀየር ብትፈልጉ አብዛኛው ፈቃድ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ አዲሱ ቀጣሪ እንደገና ይጠይቅላችኋል። የአዲሱ ሳይፈቀድ የድሮውን አትልቀቁ።

እድሳቱንም ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉበት። የኔ ከማለቂያው 4 ወር ቀደም ብሎ ይጮሃል። ካናዳ ውስጥ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ለማሳደስ ያመለከተ ሰው መልሱ እስኪመጣ በነበረበት ሁኔታ መሥራቱን ይቀጥላል። ካለቀ በኋላ ያመለከተ ግን በማግስቱ ሥራ መግባት አይችልም።