የሆቴሉ ቲቪ በየአራት ደቂቃው ለምን ይቆማል? መልቲካስትን ስዊች ላይ ማስተካከል

ቲቪው ይከፈታል፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን ቀጥ ይላል። እንግዳው ቻናል ቀይሮ ሲመለስ ደግሞ ይሠራል። ሪሴፕሽን ይደወላል፣ ሪሲቨር ይቀየራል፣ ኬብል ይቀየራል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ሆቴሎች ውስጥ ቲቪ በኔትወርክ ስዘረጋ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ቅሬታ ይሄ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም፦ ስኑፒንግ (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች ማን የትኛውን ቻናል እንደጠየቀ ማዳመጡ) በርቷል፣ ኩዌሪየር (በየጊዜው «አሁንም እያያችሁ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው) ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ቻናሎቹን ከሳተላይት ይቀበላል። ሄድኤንድ የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ቻናል በየራሱ የመልቲካስት አድራሻ (አንድ ቅጂ ለብዙ ተቀባይ የሚላክበት) ወደ ኔትወርኩ ይለቀዋል። 80 ክፍል አንድ ቻናል ቢከፍት እንኳ ከሄድኤንዱ የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ስኑፒንግ የሌለው ስዊች ግን እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ አባል ሆነም አልሆነ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። 60 ቻናል እያንዳንዱ 5 ሜጋቢት ቢይዝ 300 ሜጋቢት በየፖርቱ ይፈስሳል። የሪሲቨሩ ፖርት 100 ሜጋቢት ከሆነ አለቀለት። ስልኩም ካሜራውም የካሸሯ ኮምፒውተርም አብረው ይንቀራፈፋሉ።

አይጂኤምፒ ሪሲቨሮቹ ቻናል የሚጠይቁበት ቋንቋ ነው። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ሲበራ ስዊቹ የሪሲቨሮቹን ጥያቄ ያዳምጣል። ማን የትኛውን ቻናል እንደፈለገ በሠንጠረዥ ይይዛል፤ ለፈለገው ፖርት ብቻ ይልካል። ሪሲቨሩ ግን ጥያቄውን በራሱ የሚልከው ቻናሉን ሲከፍት ነው። ከዚያ በኋላ «አሁንም እያያችሁ ነው?» የሚለው ከሌለ ዝም ይላል። ስዊቹም ብዙውን ጊዜ 260 ሰከንድ ጠብቆ ፖርቱን ከሠንጠረዡ ያወጣዋል። አራት ደቂቃ ከሃያዋ የምትመጣው ከዚህ ነው። ያ ጠያቂ ኩዌሪየር ይባላል። መልቲካስት የሚያስተላልፍ ራውተር ካለ ሥራውን እሱ ይሠራዋል። ሆቴል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ራውተር ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ስለዚህ ስዊቹ ላይ እኛው እናበራዋለን።

መጀመሪያ ለቲቪው የራሱን ቪላን፣ ማለትም በዚያው ስዊች ላይ የተለየ ኔትወርክ፣ ስጡት። ይህ ቪላን ወደ ዋይፋይ አክሰስ ፖይንቶች እንዳይሄድ ከትራንኩ (ብዙ ቪላን አብሮ ከሚያልፍበት መስመር) ላይ አውጡት። ዋይፋይ መልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚልከው ጥቂት ቻናል ብቻ የእንግዳውን ኢንተርኔት ይገድለዋል።

አድራሻ ስትመርጡ ከ239 የሚጀምረውን ውሰዱ፤ ለውስጥ ኔትወርክ የተተወ ነው። 239.0.0 እና 239.128.0 ብለው የሚጀምሩትን ግን አትንኩ። ስዊቹ የሚያየው ማክ አድራሻ የአይፒውን የመጨረሻ 23 ቢት ብቻ ስለሚይዝ እነዚህ ከ224.0.0 ጋር ይመሳሰሉበታል። 224.0.0 ደግሞ የኔትወርኩ የራሱ መገናኛ ስለሆነ ስዊቹ ሁልጊዜ ለሁሉም ፖርት ይለቀዋል። እኔ ከ239.10.1.1 ጀምሬ በተርታ እሰጣለሁ።

አሁን ዋናው። ሲስኮ ካታሊስት ላይ ስኑፒንግ ከፋብሪካ በርቶ ይመጣል፤ ኩዌሪየሩ ግን ጠፍቶ ነው። ብዙ ቴክኒሻን የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለቲቪው ቪላን አይፒ ስጡና «አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር» የሚለውን ትእዛዝ አስገቡ። ማይክሮቲክ ላይ ሁለቱም ጠፍተው ይመጣሉ፤ ብሪጁ ውስጥ ገብታችሁ ስኑፒንጉንም መልቲካስት ኩዌሪየሩንም አብሩ።

የት ላይ ይብራ? ሄድኤንዱ የተሰካበት ዋናው ስዊች ላይ። እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ስዊቾች መልቲካስቱን በሙሉ፣ ማንም ባይጠይቀውም፣ ወደ ኩዌሪየሩ አቅጣጫ ይልካሉ። ኩዌሪየሩ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ትንሽ ስዊች ከሆነ ስልሳውም ቻናል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ሁለት ኩዌሪየር ቢኖር ደግሞ የሚያሸንፈው አነስተኛ አይፒ ያለው ነው። ስለዚህ ለዋናው ስዊች የቪላኑን ትንሹን አይፒ፣ ለምሳሌ 10.20.0.1፣ ያዙለት። አንድ ሆቴል ውስጥ ማንም የማያስታውሰው አሮጌ ራውተር በትንሽ አይፒው ኩዌሪየር ሆኖ፣ ወደ እሱ የሚሄደውን መስመር አጨናንቆት አግኝቻለሁ። ነቅለነው ሁሉም ተስተካከለ።

ቻናል ሲቀየር ከዘገየ ፋስት ሊቭ የሚባለውን አብሩ፤ ቲቪው ቻናሉን ሲለቅ ስዊቹ ሌላ የሚያይ አለ ወይ ብሎ ሳይጠብቅ ወዲያው ፖርቱን ይቆርጣል። ይህን ግን አብሩት፣ አንድ ፖርት ላይ አንድ ቲቪ ብቻ ካለ። ስዊት ክፍል ውስጥ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ በትንሽ ስዊች አንድ ፖርት ከተጋሩ ተዉት። ሁለቱ አንድ ቻናል ላይ ሆነው ሳሎን ያለው ሲቀይር የመኝታ ቤቱም አብሮ ይቆማል።

ፍተሻው ላፕቶፕ ይበቃዋል። የቲቪው ቪላን ላይ ሰክታችሁት ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱ፤ ማጣሪያው ላይ አይጂኤምፒ ብላችሁ ጻፉ። እንደ ስዊቹ በየ60 ወይም በየ125 ሰከንድ ከ10.20.0.1 ወደ 224.0.0.1 ጥያቄ ሲሄድ ማየት አለባችሁ። ከሌላ አይፒ ከመጣ ባለቤቱን ፈልጉ። ከዚያ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ አንድ ቻናል ክፈቱና የስዊቹን የግሩፕ ዝርዝር እዩ፤ የእናንተ ፖርት ከአድራሻው ጎን መታየት አለበት። ቪኤልሲውን ሳትነኩት 5 ደቂቃ ይለፍ። ምስሉ በርቶ ነው ብላችሁ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ዕቃ እንዳትሰበስቡ።

ሁሉም ሲሠራ ኮንፊጉን ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ከሆቴሉ ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ዋናውን ስዊች ከመብራት ንቀሉና መልሱት። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ኩዌሪየር እናንተን መልሶ ያስጠራችኋል። ስዊቹ ተነሥቶ ሲያበቃ ዋየርሻርኩ ላይ ያ ጥያቄ እንደገና ከታየ፣ የቻናሎቹን አድራሻ ዝርዝር ራኩ በር ላይ ለጥፉና ቁልፉን አስረክቡ።