የቺንቺላን ፀጉር በአቧራ ማጽዳት

ቺንቺላ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ከአንዲት የፀጉር ቀዳዳ ብቻ ከ50 በላይ ፀጉር የምታበቅል፣ አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ ናት። ውሃ ወደዚህ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሥር ከዘለቀ ቶሎ ስለማይደርቅ ለብርድና ለቆዳ ፈንገስ ያጋልጣታል፤ ስለዚህ በውሃና በሳሙና ማጠብ አይገባም። እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ የምትጸዳው በአቧራ ነው።

አቧራው ለቺንቺላ ተብሎ የሚሸጠው፣ እንደ ዱቄት የላመው ዓይነት መሆን አለበት። ተራ አሸዋ ሻካራ ስለሆነ ፀጉሩን ይጎዳል፤ ቅባቱንም አያነሣም። ከባድና ጠርዙ ከፍ ባለ ሳህን ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያህል አቧራ ጨምረው፣ በሳምንት ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ በተለይ ነቅታ በምትንቀሳቀስበት ምሽት ያቅርቡላት። መጀመሪያ ታሸታለች፤ በፊት እግሮቿ ጫር ጫር ታደርጋለች፤ ከዚያም አህያ አመድ ላይ እንደምትንከባለለው ከጎን ወደ ጎን ትገላበጣለች። ክፍሉ በብናኝ መሞላቱ አይቀርም፤ የቤት ዕቃ አስቀድሞ መሸፈን ይበጃል።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን ያውጡ፤ ውስጡ ከቆየች ትሸናበታለች፣ ቆዳዋም ከልክ በላይ ይደርቃል። ኩሱን በወንፊት ለይተው አቧራውን ደግመው መጠቀም ይችላሉ፤ ከረጠበ ወይም ከጓጎለ ግን ይጣል።

ድንገት ውሃ ከነካት በደረቅ ፎጣ ቀስ አድርገው ያድርቋት እንጂ ትኩስ አየር የሚነፋ የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ፤ ሙቀት አትችልምና። ፀጉሯን ጨምድደው አይያዟት፤ ስትደነግጥ እፍኝ ፀጉር እጅዎ ላይ ጥላ ታመልጣለች።