የግሪክ ደሴት ዕረፍት፦ እኔ የተሳሳትኩትን አትድገሙት

ፍጥሞ የሚለውን ስም የማውቀው ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት። ካርታ ላይ ፈልጌ ያገኘኋት ግን ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ነው። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል። ወደ ቱርክ ጠረፍ ጠጋ ብላ የተቀመጠች፣ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ትንሽ መሬት ናት። እኔ ደግሞ ገዳምና ድንጋይ ብቻ ያለባት ይመስለኝ ነበር። ግሪኮስ የምትባል የባሕር ዳር መንደር እንዳለቻት፣ ልጆች የሚንቦጫረቁበት ረጋ ያለ ውሃ፣ ዓሣ የሚጠበስባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች እንዳሏት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ጉዞ ግማሹን የበላው ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ "ግሪክ ደሴት ልንሄድ ነው፣ ምን ትመክሪናለሽ?" ሲለኝ የምዘረዝረው የሠራሁትን ጥፋት ነው። ፍጥሞን እንደ ምሳሌ ልያዛት እንጂ ለሌሎቹም ደሴቶች አብዛኛው ይሠራል።

ፎቶ አይቶ ደሴት መምረጥ

ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር። ያቺ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ ያለችው ኢያ የምትባል መንደር ናት። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ግን ያለችው ገደል አናት ላይ ነው። ባሕሩን ታዩታላችሁ እንጂ አትነኩትም። ለመንካት ወደ አሙዲ ወደብ 300 ያህል ደረጃ መውረድ፣ ከዚያ በዚያ ፀሐይ ያንኑ መልሶ መውጣት ነው። ሳንቶሪኒ ሄዶ ባሕር ዳር ማደር የፈለገ ሰው ካማሪ ወይም ፔሪሳ ይያዝ። አሸዋቸው ጥቁር ነው፣ እሳተ ገሞራ የተፋው።

አንዲት ቃልም ልንገራችሁ፦ ሆራ። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው ሆራ ሲባል ሐይቅ ነው የሚታየው። በግሪክ ደሴቶች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሆራ ማለት የደሴቲቱ ዋና መንደር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኮረብታ ላይ ነው የሚገኘው። የድሮ ሰዎች የባሕር ወንበዴ ፈርተው ከውሃው ርቀው ሠሩ። የፍጥሞም ሆራ እንዲሁ ከላይ ገዳሙን ከብቦ ተቀምጧል፤ ወደቡ ስካላ ከታች ነው። የባሕር ዳር ዕረፍት ብላችሁ ሆራ ላይ ክፍል ከያዛችሁ በየቀኑ አውቶቡስ ጠባቂ ናችሁ።

ክፍል ስትይዙ "ከባሕሩ 200 ሜትር" የሚለውንም በጥርጣሬ እዩት። ሜትሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ደረጃውን ግን ማንም አይጽፍላችሁም። እናታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለባለቤቱ "ስንት ደረጃ አለው? መኪና በሩ ድረስ ይደርሳል?" ብላችሁ ጻፉለት። መኪና ጭራሽ የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። ሃይድራ ላይ ሻንጣ የሚሸከመው በቅሎ ነው። ቀርጤስ ላይ ያለችው ሉትሮ ደግሞ በጀልባ ወይም በእግር ካልሆነ አትደረስም።

በአንድ ሳምንት ሦስት ደሴት

ግሪክ ሰው የሚኖርባቸው ከ200 በላይ ደሴቶች አሏት። ሁሉም ጎን ለጎን የተደረደሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮርፉና ዛኪንቶስ በምዕራብ በኩል፣ ሌላ ባሕር ላይ ናቸው፤ ከአቴንሱ ወደብ ከፒሬዎስ ተነስታችሁ አትደርሱባቸውም። ስለዚህ አንድ ሰፈር ምረጡ። በሰባት ቀን አንድ ደሴት፣ ቢበዛ ሁለት ጎረቤታሞች ይበቃሉ። ደሴት መቀየር ማለት ጠዋት ክፍል መልቀቅ፣ ወደብ ላይ መቀመጥ፣ መሳፈር፣ መውረድ፣ እንደገና ክፍል መፈለግ ነው። አንድ ቀን በልቶ ይሄዳል።

አውሮፕላንና መርከብን በአንድ ቀን ማያያዝ

የኔ ትልቁ ጥፋት ይኸ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ አቴንስ የምደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነበር፤ የፍጥሞ መርከብ የሚነሳው 9 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ ብዬ ተዝናናሁ። አውሮፕላኑ ዘገየ። ሻንጣ ዘገየ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ፒሬዎስ በሜትሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሜትሮ ስወርድ የደረስኩ መስሎኝ ነበር፣ ግን ፒሬዎስ አንድ በር ያለው ወደብ አይደለም። መሳፈሪያዎቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፤ ወደ እነ ፍጥሞና ሮድስ የሚሄዱት መርከቦች የሚቆሙበት የመጀመሪያው በር ከሜትሮው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በወደቡ ውስጥ ነጻ አውቶቡስ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በላብ ተጠምቄ ስደርስ መርከቡ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ የምለቅመውም አላገኘሁም። የሚቀጥለው የፍጥሞ መርከብ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ይህ በደህናው ቀን ነው። ከዚህ ላይ ነፋሱን ጨምሩበት። በኤጂያን ባሕር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚባል ደረቅ ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ደመና የለም፤ ባሕሩ ግን ይናወጣል። የነፋሱ ኃይል ቦፎርት በሚባለው መለኪያ 8 ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣኖች አብዛኛውን ጊዜ መርከቦችን ያግዳሉ። ትንንሾቹ ፈጣን መርከቦች ከዚያም በፊት ይቆማሉ። የመርከቡን ትኬት ገንዘብ ይመልሱላችኋል ወይም ቀኑን ይቀይሩላችኋል። ያመለጣችሁን አውሮፕላን ግን የሚመልስ የለም።

እንግዲህ እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ስሄድ የመጀመሪያውን ሌሊት ወደቡ አጠገብ አድራለሁ። ስመለስ ደግሞ ከበረራው በፊት ያለውን የመጨረሻ ሌሊት አውሮፕላኑ የሚነሳበት ከተማ ውስጥ አሳልፋለሁ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞዬ አቴንስን ትቼ በቀጥታ ኮስ ወደምትባል ሌላ ደሴት በረርኩ፤ በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከጀርመን ቀጥታ በረራ አለ። ከኮስ ፈጣኑ መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እሱም በነፋስ ምክንያት አንድ ቀን ቀረብኝ። ግን ትርፍ ቀን ይዤ ስለነበር አልተበሳጨሁም። ኮስ ላይ አይስክሬም በላሁ።

ለባሕር ሕመም የምትሰጉ ከሆነ ፈጣኑን ሳይሆን ትልቁን ቀርፋፋ መርከብ ምረጡ። ማዕበል ላይ ረጋ ይላል፣ ውጭ ወጥቶ አየር መቀበልም ይቻላል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከፍጥሞ የሚመለስበት ትኬት "14 ኦገስት፣ 00:30" ይላል። የሌሊት መርከብ እዚያ የተለመደ ነው። እሱ በአእምሮው ተርጉሞ "ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል" አለ። እስካሁን ልክ ነው። ከዚያ ግን "የ14 ሌሊት" ብሎ ያዘው። በእኛ ሰው አነጋገር የ14 ሌሊት ማለት 14ኛው ቀን ከመሸ በኋላ ያለው ነው። መርከቡ ግን የሚነሳው 13ኛው ቀን መሽቶ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ነበር። በ14 ማታ ሻንጣውን ይዞ ወደብ ሲወርድ መርከቡ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ትኬታችሁ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ካያችሁ "በዋዜማው ማታ ነው የምወጣው" ብላችሁ ጻፉ። ክፍሉንም በዚያው አስቡት። ሌሊት የምትደርሱ ከሆነ ክፍሉ የሚያዝላችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ አረጋግጡ፣ ቁልፍ የሚሰጣችሁ ሰው እንደሚጠብቃችሁም ጠይቁ።

ወደቡንም ስሙን አንብቡ። አሞርጎስ ላይ ካታፖላና ኤጊያሊ የሚባሉ ሁለት ወደቦች አሉ። መንደራችሁ አንዱ ጋ ሆኖ ሌላው ጋ ከወረዳችሁ በእኩለ ሌሊት ደሴቱን በታክሲ ማቋረጥ ነው፣ ያውም ታክሲ ከተገኘ። ኢካሪያም ሁለት አላት።

ቪዛን መጨረሻ ላይ ማስታወስ

ግሪክ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከሸንገን አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የምትሄዱ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቻላል፤ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት ነው፣ ግን በበጋ እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው ቀጠሮ አያገኝም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። በአሜሪካ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ፓስፖርቱ ግን ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው ይሁን።

በጀት ሲያወጡ ትንንሹን መርሳት

ክፍል ስትይዙ የከፈላችሁት ሁሉንም አይደለም። የአየር ንብረት ክፍያ የሚሉት አለ፣ በየክፍሉ በየሌሊቱ፣ እዚያው ስትደርሱ የሚከፈል። ከ2025 ጀምሮ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት ባለ 3 ኮከብ ሆቴል 5 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ነው። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርታማ 8 ዩሮ።

ዓሣ ደግሞ በሳህን ሳይሆን በኪሎ ነው ዋጋው። ሜኑ ላይ ያያችሁት ቁጥር ኪሎው ነው። ዓሣውን አስመዝኑ፣ ሒሳቡን ጠይቁ፣ ከዚያ ይጠበስ። ማንም አይቀየማችሁም፤ ራሳቸው ግሪኮቹ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ትንንሽ መንደር ውስጥ ኤቲኤም አንድ ብቻ ሊሆን፣ እሱም ሊበላሽ ስለሚችል ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ።

ሞተር ለመከራየት የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል ብላችሁ አትተማመኑ። ለስኩተር አብዛኛውን ጊዜ የሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አከራዩ ዝም ብሎ ቢሰጣችሁም አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ዝም አይልም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ይያዝ። አራት ጎማ ያላትን ሞተር ግሪኮቹ "አሳማ" ነው የሚሏት፤ መንገድ ላይ ስትጮህ ብትሰሟት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል በበጋ የዝምታ ሰዓት ነው፣ ሕግ ነው። መንደሩ ይተኛል። ያን ሰዓት ሙዚቃ ከፍታችሁ ጎረቤት እንዳታስቀይሙ።

የበዓሉን ቀን ሳያዩ መሄድ

ኦገስት 15 በግሪክ የእመቤታችን ዕረፍት በዓል ነው። ከፋሲካ ቀጥሎ የሚከበር ትልቅ በዓል። አቴንስ ባዶ ትሆናለች፣ ሁሉም ወደ ደሴቱ ይወርዳል። በዚያው ቀን ጣሊያኖችም ዕረፍት ላይ ናቸው። ቲኖስ የምትባል ደሴት ላይ ሰው ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበቱ ዳገቱን ይወጣል። በየመንደሩ ማታ ማታ ቫዮሊን፣ ረጅም ገበታ፣ ጭፈራ። የእኛን ንግሥ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ሳያስቡበት የሄዱ ሰዎች ግን ክፍልም መርከብም አጥተው ነው በዓሉን የሚያዩት። ለዚያ ሳምንት ከሆነ በእነሱ ፀደይ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ያዙ። በዓሉ ካላጓጓችሁ ደግሞ መስከረምን ምረጡ። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ቆይቶ ገና ሙቅ ነው፣ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይረግባል። በግንቦት ግን ፀሐዩ ቢያማልልም ውሃው ይቀዘቅዛል።

ፍጥሞ ላይ ገዳሙንና ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ ማየት ካሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ይዘጋሉ። ገዳሙ የተመሠረተው በ1088 ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ ሻንጣችሁ ውስጥ ካለች ከባሕር ዳር በቀጥታ መሄድ ትችላላችሁ።

የምትጾሙ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። የግሪኮቹ የፍልሰታ ጾም ኦገስት 1 ገብቶ 14 ያልቃል። የእኛ ነሐሴ 1 የሚገባው ኦገስት 7 ነው። ስለዚህ በ15 እነሱ ፍየል እየበሉ ሲጨፍሩ እናንተ ገና ነሐሴ 9 ላይ ናችሁ። የሚበላ አይጠፋም። ፋቫ የሚሉት ከክክ የሚሠራ ወፍራም ወጥ ነገር አለ፣ እንጀራ ብቻ ነው የሚጎድለው። የተቀቀለ ጎመን፣ ሩዝ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም። ፌታ አይብ ላዩ ላይ እንዳይበትኑበት ግን "ሆሪስ ቲሪ" በሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። የጾም ምግብ "ኒስቲሲሞ" ይባላል። እኔ ግሪኮስ ላይ ይቺን ቃል በኩራት ስናገራት አስተናጋጁ ፊቱ በራ፣ "ገባኝ፣ ገባኝ" አለና ወደ ኩሽና ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ በከሰል የተጠበሰ ኦክቶፐስ ከነእግሮቹ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። በእነሱ ሥርዓት ደም የሌለው የባሕር እንስሳ ጾም ነው።