ወጥ ቤት ውስጥ ቡድን እንዴት ይያዛል?

በምሠራበት ምግብ ቤት 9 ሰው አስተባብራለሁ። አርብ ምሳ ሰዓት የበያይነቱ ትዕዛዝ ሲደራረብ አለቃ መሆን ምን እንደሆነ ይገባሃል።

ጠዋት ቆማችሁ 5 ደቂቃ ተነጋገሩ። ምን አልቋል? ማን ቀርቷል? ሽሮው ላይ ማን ነው? ወንበር የለም። ከተቀመጥን ቡና ይፈላል፤ አለቀ።

ሰው ሲያጠፋ በሰው ፊት አትቆጣ። እኔ አንዴ አንዷን ልጅ ምስር አሳረርሽ ብዬ አስተናጋጆቹ ፊት ጮህኩባት። ከዚያ ወዲያ ድስት ቢያር ማንም አይነግረኝም። ደብቀው ይደፉታል። ምስሩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ሳሰላ ሁለት ወር ከረምኩ! በኋላ ይቅርታ የጠየቅኳት እነዚያው ሰዎች ባሉበት ነው። አሁን "ሼፍ፣ አረረ" ይሉኛል፤ ሌላ እንጥዳለን።

የፈረቃ ፕሮግራም ቅዳሜ ይለጠፍ። የበዓል ተራ ደግሞ በደብተር ይያዝ፤ ፋሲካን የሠራ ገናን ያርፋል፣ ለዒድም እንደዚያው። በቃል ከያዝከው ጭቅጭቅ ነው። ክፍያውንም እወቅ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት ቢያንስ በ2.5 እጥፍ ይታሰባል። ሠራተኛው ሳይጠይቅህ አስላለት።

ሳምንት አንዴ ደግሞ ሽርጥህን ታጥቀህ ዕቃ እጠብ። ለታይታ አይደለም። ሰው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል። ሲንኩ ከተደፈነ ሳምንት እንዳለፈው የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው።