የኤንቪዲያ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ ሲጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊኑክስ ላይ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ ጥፋት አይደለም። የድራይቨሩ ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚገባው ክፍል) የሚገነባው ለአንድ የከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ስሪት ነው፤ ከርነሉ ታድሶ ሞጁሉ ከቀረ ዴስክቶፑ አይነሳም።

መጫኛውን ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ማውረድ። ዊንዶውስ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። መጫኛው ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው የፓኬጅ አስተዳዳሪው (ሶፍትዌር የሚጭነውና የሚያድሰው የሲስተሙ ፕሮግራም) ሳያውቅ ስለሆነ ቀጣዩ ዝመና ሊያበላሻቸው ይችላል። ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ውስጥ የተመከረውን ይምረጡ፤ ፌዶራ ላይ ከአርፒኤም ፊውዥን (ተጨማሪ የፓኬጅ ማከማቻ)፣ ዴቢያን ላይ ከኖን-ፍሪ ክፍል ይጫኑ። ቀድሞ በመጫኛው የገባ ካለ በዚያው በመጫኛው ያስወግዱት። ሁለቱን መደራረብ ከሁሉም የከፋ ነው።

የከርነል ሄደር (ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) መርሳት። ሞጁሉን ለአዲስ ከርነል መልሶ የሚገነባው ዲኬኤምኤስ፣ ከከርነሉ ስሪት ጋር አንድ የሆነ ሄደር ካላገኘ ሥራው ይከሽፋል። ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት የዲኬኤምኤስን ስታተስ አይተው ከአዲሱ ከርነል ጎን «ኢንስቶልድ» መባሉን ያረጋግጡ።

ሰኪውር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሶፍትዌር ፊርማ የሚያጣራ ጥበቃ) ሲበራ የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን ማለፍ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰኪውር ቡት ከበራ ከርነሉ ያልታወቀ ፊርማ ያለበትን ሞጁል አይቀበልም። ስለዚህ ኡቡንቱ ድራይቨሩን ሲጭን፣ ሞጁሉ የተፈረመበትን ቁልፍ ለማስመዝገብ አንድ ፓስዎርድ ያስመርጥዎታል። ይህ የመግቢያ ፓስዎርድዎ አይደለም፤ የሚጠየቁት በሚቀጥለው ቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 10 ሴኮንድ ይቆጥራል። ማንኛውንም የኪቦርድ ቁልፍ ይጫኑ፣ «ኢንሮል ሞክ» ከዚያ «ኮንቲኒው» ከዚያ «የስ» ይበሉ፣ ፓስዎርዱን ያስገቡ። ቆጠራው ካለፈ ጥያቄው ይሰረዛል፤ የፊርማ ቁልፉን እንደገና ማስመዝገብ ግድ ነው። ስክሪኑ የአሜሪካን የኪቦርድ አቀማመጥ ስለሚጠቀም ፓስዎርዱ ተራ ፊደልና ቁጥር ቢሆን ይሻላል።

«አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል» ማለት። የኬፕለር ካርዶች (ጂቲኤክስ 600ና አብዛኞቹ 700) ከስሪት 470 በላይ ያለው ድራይቨር አያውቃቸውም። በተቃራኒው አርቲኤክስ 50 የሚሠራው ኤንቪዲያ በ2022 ኮዱን በከፈተው የከርነል ሞጁል ብቻ ነው። ክፍት የሆነው ግን ሞጁሉ እንጂ ከላዩ ያሉት ላይብረሪዎች አይደሉም፤ ብዙዎች ይህን ያምታታሉ።

የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ለጌምና ለተራ ሥራ ምንም ማውረድ የለበትም፤ ድራይቨሩ ከርነሉና ሜሳ (ክፍት የግራፊክስ ላይብረሪ) ውስጥ አለ።

ከዝመና በኋላ ሪስታርት አለማድረግ። የድራይቨሩና የላይብረሪው ስሪት አይገጥምም የሚል መልእክት ከመጣ አሮጌው ሞጁል ገና ሚሞሪ ላይ ነው ማለት ነው። እንደገና አይጫኑ፤ ሪስታርት ያድርጉ።

ስክሪኑ ሲጠቁር ሲስተሙን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 አብረው ተጭነው ቴርሚናል ይሞክሩ። እምቢ ካለ ግሩብ (ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት ሜኑ) ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተው በቀድሞው ከርነል ይነሱ፤ ከዚያ ድራይቨሩን በፓኬጅ አስተዳዳሪው አውጥተው መልሰው ይጫኑ።