ጨረር በደም ሥሮች እድገት ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በዶሮ ሽል መመርመር

ጨረር በሕያው አካል ውስጥ የደም ሥሮችን እድገት በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ሊለውጥ ይችላል። ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረር የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑትን ኢንዶቴሊያል ሕዋሳት ዲኤንኤ ሰባብሮ መራባታቸውን ሲገታ፣ ዝቅተኛው መጠን ግን፣ በተለይ ከ1 ግሬይ በታች ሲሆን፣ በአንዳንድ ሙከራዎች አዳዲስ ሥሮች እንዲያቆጠቁጡ ሲያነሳሳ ታይቷል። (1 ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ግራም ቁስ 1 ጁል የጨረር ጉልበት ሲቀበል ማለት ነው።) ይህን ለማየት ከዶሮ ሽል ጋር የሚያድገው ኮሪዮአላንቶይክ ሽፋን ምቹ ነው፤ ስስ ስለሆነና በደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ቅርፊቱ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል።

የዳበሩ እንቁላሎች በ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ60 በመቶ ገደማ እርጥበት በማቀፊያ ውስጥ በጎናቸው ይቀመጣሉ። በ3ኛው ቀን በሹሉ ጫፍ በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ነጭ በመርፌ ይቀዳል፤ ሽሉ ከላይኛው ቅርፊት ሲርቅ ትንሽ መስኮት ተቆርጦ በግልጽ ፕላስተር ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ መገልበጥ የለበትም።

ጨረሩ በ8ኛው ቀን፣ ሥሮቹ በፍጥነት በሚያድጉበት ጊዜ፣ ይሰጣል። እንቁላሎቹን በዕጣ ለ0፣ ለ0.5፣ ለ2 እና ለ5 ግሬይ መደልደል በቂ ነው። መሣሪያውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ማንቀሳቀስ፣ መጠኑም እንቁላሉ በሚቀመጥበት ቦታ መለካት አለበት፤ ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ሙከራው በአብዛኛው የሚበላሸው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በ0 ግሬዩ ቡድን ነው። ከማቀፊያ የወጣ እንቁላል ይቀዘቅዛል፣ የሽሉ ልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ዝውውሩም ይዳከማል፤ የሥሮች አወቃቀር ደግሞ ከዝውውሩ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የማነጻጸሪያዎቹን እንቁላሎች በማቀፊያው ውስጥ ትቶ የቀሩትን ብቻ የሚወስድ ተመራማሪ ጨረርን ብቻ ሳይሆን ብርድንም አብሮ እየለካ ነው። ማነጻጸሪያዎቹም ወደ መሣሪያው መወሰድ፣ መሣሪያው ሳይበራም ለዚያኑ ያህል ደቂቃ መቆየት አለባቸው።

ከ48 ሰዓት በኋላ ሽፋኖቹ በአንድ ዓይነት ብርሃንና ማጉያ ፎቶ ይነሣሉ፤ በተወሰነ ካሬ ውስጥ የሥሮቹን መገንጠያዎችና ጠቅላላ ርዝመት የሚቆጥረውም የትኛው እንቁላል ከየትኛው ቡድን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሁን። ከአንድ እንቁላል አምስት ፎቶ ቢነሣም መረጃው የአንድ እንቁላል ብቻ ነው። የሞቱ ሽሎች ለብቻቸው ይመዝገቡ፤ ልብ ሲቆም ሥሮቹ ስለሚሟሽሹ፣ ከሌሎቹ ጋር ከተደመሩ የሽሉ ሞት የሥሮች መመናመን መስሎ ይታያል።

የመገንጠያዎቹ ቁጥር ቢጨምር ወዲያው ጤናማ እድገት ነው ማለት አይገባም። ኦክስጅን ያጠረው ወይም የተጎዳ ሕዋስ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የሥር አብቃይ ፕሮቲን ስለሚያመነጭ፣ የፕሮቲኑን መጠን አብሮ መለካት ይጠቅማል። ከጨረር ሕክምና በኋላ ከወራት ወይም ከዓመታት ቆይታ በቆዳ ላይ የሚወጡት የሰፉ ቀጫጭን ሥሮች ግን፣ እድሜው በቀናት በሚቆጠር በዚህ ሽፋን ላይ ሊታዩ አይችሉም፤ ለእነርሱ ረጅም ክትትል የሚፈቅድ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።