ሕዝቡን አትዝጉት፦ የኢንደስትሪያል ሜታል ኮንሰርት ሲቀዳ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የቀዳውን ኮንሰርት ላከልኝ። ሄድፎን አድርጌ ሰማሁት። ጊታሩ ጥሩ ነው። ድራሙም ጥሩ ነው። ሰው ግን የለም። ዘፈኑ ያልቃል፣ ጭር ይላል፣ ቀጣዩ ይጀምራል። ደወልኩለትና «ተመልካች አልነበረም እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ሞልቶ ነበር! ጩኸቱ ስላስቸገረኝ ዘጋሁት» አለኝ። ይህን መልስ ከብዙ ልጆች ሰምቻለሁ። ዛሬ ልጻፈው።

ማሳያዬ ራምሽታይን የተባለው የጀርመን ኢንደስትሪያል ሜታል ባንድ የኮንሰርት አልበም፣ «ላይቭ አውስ በርሊን» ነው። የተቀዳው እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 እና 23 ቀን 1998 በርሊን፣ ቩልሃይደ በሚባለው ፓርክ ውስጥ ባለው ጣሪያ የሌለው መድረክ ነው። በ1999 ወጣ። ቦታው 17,000 ያህል ሰው ይይዛል። ባንዱ የተመሠረተው እዚያው በርሊን በ1994 ስለሆነ የተጫወቱት በሰፈራቸው ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ስህተት እንግዲህ ሕዝቡን መዝጋት ነው። ኢንደስትሪያል ሜታል የፋብሪካ ማሽን የሚመስል ሙዚቃ ነው። የጊታሩ ሪፍ (ዘፈኑን የሚሸከመው የጊታር ሐረግ) አጭር ነው፣ ይደጋገማል። ከሥሩ ኪቦርዱና ሲኩዌንሰሩ (ቀድሞ የተዘጋጀ ድምፅ የሚያጫውተው መሣሪያ) ዝንፍ ሳይሉ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ የስቱዲዮው አልበም ላይ አለ። ታዲያ ሰው የኮንሰርቱን ሲዲ ለምን ይገዛል? ያ ማሽን ላይ የሰው ጉሮሮ ሲጨመርበት ለመስማት ነው! የራምሽታይንን «ዱ ሃስት» ውሰዱ። ዘፈኑ ውስጥ የሠርግ ቃል ኪዳን ጥያቄ አለ፤ መልሱ «ናይን» ነው፣ «አይ» ማለት። መድረክ ላይ ይህን ቃል ሕዝቡ ራሱ ይጮኸዋል። የሕዝቡን ማይክ ከዘጋችሁ ጥያቄው ያለ መልስ ቀረ። ሕዝቡ ተቀባይ ነው። ተቀባዩን ያጠፋ ሰው ዘፈኑን ነው የቆረጠው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ባንድ ኮንሰርት ስሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ሳዋህድ) በዘፈኖቹ መሀል ያለውን ጭብጨባ ሁሉ ቆራርጬ ጣልኩት። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ድራመሩ ሰማና «ይሄ ልምምዳችን ነው?» አለኝ። አልተቆጣም፣ ግን ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ከዜሮ ሠራሁት።

ሕዝቡን ለመቅዳት ቢያንስ አራት ማይክ መድቡ። ሁለቱን መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙራችሁ ትከሉ። ከትልልቆቹ ስፒከሮች ኋላ ስለሚሆኑ ከሙዚቃው ይልቅ ሰዉን ይሰማሉ። የቀሩትን ሁለቱን ራቅ አድርጓቸው፣ ሚክሰሩ ባለበት አካባቢ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል፤ የሩቁን ማይክ ሳያስተካክሉ መክፈት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ማይኩ 30 ሜትር ርቆ ከቆመ ድራሙን ወደ 90 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። በዝግታ ዘፈን ላይ ይህ የአዳራሽ ማስተጋባት ሊመስል ይችላል። በዚህ ሙዚቃ ግን እያንዳንዱ የኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ምት ሁለት ይሆናል፣ ማሽኑ ያነክሳል። ጀማሪው ደንግጦ ማይኩን ይዘጋዋል። ሕዝቡ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የሩቁን ትራክ ያዙና ኪኩ ከመድረኩ ኪክ ጋር እስኪገጥም ቀደም ብሎ እንዲጀምር ሳቡት።

ሲኩዌንሱን በአንድ ስቴሪዮ ትራክ ብቻ አትቅዱ። ቤዙን፣ ምቱንና የተቀዳውን ኮረስ ለየብቻ ተቀበሉ። ድራመሩ በጆሮው የሚሰማውን ክሊክም (ፍጥነቱን የሚቆጥርለትን ምት) ቅዱት። አልበሙ ላይ አይወጣም፤ ግን ሁለት ምሽት ከቀዳችሁና ፍጥነቱ አንድ ከሆነ፣ በአንደኛው ምሽት የተበላሸውን ከሌላኛው ለመተካት መንገዱን የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ጊታሩ ላይ ቤዝ፣ ማለትም የታችኛውን ወፍራም ድምፅ፣ አትጨምሩ። ጊታሮቹ ወደታች ተቃኝተው ነው የሚመጡት። ግራና ቀኝ አስቀምጧቸው፣ ሥሩን ለኪኩና ለቤዝ ጊታሩ ልቀቁ። የራምሽታይኑ ዘፋኝ የቲል ሊንደማን ዓይነት ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ከሆነ ደግሞ እሱም ቦታ ይፈልጋል።

እሳት ካለ ተጠንቀቁ። ስለ ቃጠሎው አይደለም የማወራው፤ እሱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ሊንደማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 በርሊን ውስጥ በኮንሰርታቸው ላይ እየነደደ ያለ የመድረክ ዕቃ ከወደቀ በኋላ ነው ተምሮ ፈቃድ ያወጣው። እኔ የምለው ስለ ድምፁ ነው። ፍንዳታው ወደ ዘፋኙ ማይክ ይገባል። መጨረሻ ላይ ያለው ሊሚተር (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበው መሣሪያ) ይደነግጥና ዘፈኑን በሙሉ ወደታች ይጫነዋል። በፍንዳታው ልክ ባንዱ ሲሟሽሽ ይሰማችኋል። ፍንዳታውን አታጥፉት፣ የመጣው ሰው ደረቱ ላይ ተሰምቶታል። ያቺን ሰከንድ ብቻ በእጃችሁ ዝቅ አድርጉ።

ባንዱ መድረክ ላይ የተሳሳተውን ሁሉ ስቱዲዮ አስገብታችሁ አታስደግሙ። የዘፋኙ ትንፋሽ መቆራረጥ ከአሥረኛው ዘፈን በኋላ የሚጠበቅ ነው።

የመጨረሻው አጭር ነው። በአንድ መቅጃ ብቻ አትመኑ። አንድ ምሽት ዲስኩ ሞልቶ ዘጠነኛው ዘፈን መሀል ላይ ቆመብኝ። ያየሁት አሥራ አንደኛው ላይ ነው። አሁን ሁለት መቅጃ በርቶ፣ የሁለቱንም ባዶ ቦታ በዓይኔ ካላየሁ «ጀምሩ» አልልም።